ስውሩን ቍጥር ስለ መፈለግ

ሰው የማያውቀውን ነገር በሁለት መንገድ ይቀርበዋል፤ አንደኛው በፍርሀት ነው፥ ሁለተኛውም በጥያቄ ነው። የሚፈራ ሰው የማያውቀውን ነገር ስሙን እንኳ ሊጠራው አይወድም። የሚጠይቅ ሰው ግን ገና ሳያውቀው ስም ያወጣለታል፤ ስም ካወጣለትም በኋላ እንደሚያውቀው አድርጎ ይዞት ይሄዳል፤ በመጨረሻም ማንነቱን ያገኘዋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልጀብራ ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት ሥሩ ይህ ነው። ያልታወቀውን ቍጥር በፊደል ይሰይመዋል፤ እንደ ታወቀም ቍጥር ይደምረዋል፥ ይቀንሰዋል፥ ያበዛዋል፥ ያካፍለዋል፤ ከዚህም በኋላ የተሰወረው ይገለጣል።

ነገሩ በቃል ሲነገር እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ልጆች እንደ ጭለማ ይፈሩታል። የሚፈሩትም ሁልጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ሕጉን ከምክንያቱ ለይተው ስለ ተቀበሉት ነው። ምክንያቱን ያጣ ሕግ ደግሞ አንድ ጊዜ ይታወሳል፥ አንድ ጊዜ ይረሳል፤ በተረሳም ጊዜ መመለሻ መንገድ የለውም። በ2010 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የቅኔ መምህር ቤት የሆነው ነገር ይህን ያስረዳል።

መሪጌታው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ያለፈ፥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከቅኔ ቤት ያልራቁ ሰው ናቸው። ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ሌላ የእኅታቸው ልጅ በቤታቸው ይኖር ነበር። ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ ዲቁና ተቀብሎአል፤ በዚያም ዓመት 9ኛ ክፍል ገብቶ ነበር። አባቱ የሞተው ገና ሕፃን ሳለ ነው። እናቱ ለትምህርቱ ብላ አንዲት ጊደር ሸጣለች፤ ስንቁንም ከገጠር ትልካለች። ልጁን ለወንድምዋ ባስረከበች ቀን «ትምህርቱን ሳይጨርስ እንዳይመለስ፤ አደራ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረችም።

በኅዳር ወር አንድ ማታ ልጁ የሒሳብ ፈተና ወረቀቱን በአራት አጥፎ በመሪጌታው ፊት አኖረው። ፈተናው ከ20 ነበር፤ ያገኘው 4 ነው። «የኔታ፥» አለ፥ «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርሁም። ልተወውና ከእርስዎ ዘንድ ቅኔ ልማር።»

መሪጌታው ይህን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ደስ አለው። ልጁ ድምፁ ያማረ፥ ግስ ለመያዝ የፈጠነ ነበርና፥ ከሁለት ዓመት ጀምሮ በልባቸው የተመኙት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሌሊቱን መኝታ ነሣቸው። የልጁ መውደቅ ለእርሳቸው ምኞት ጥቅም ሆኖ ተገኝቶአል፤ በገዛ ጥቅሙ ላይ ዳኛ የሚሆን ሰው ደግሞ ፍርዱ አይታመንም። የእኅታቸው አደራ በአንድ ወገን፥ የራሳቸው ምኞት በሌላ ወገን ቆመው ታዩዋቸው።

በማግሥቱ ልጁን ጠርተው እንዲህ አሉት፦ «ቅኔ የሸሸ ሰው መጠጊያ አይደለም። ከዚያ ተባርረህ ወደዚህ ብትመጣ፥ ነገ ከዚህም ተባርረህ ወደ ሌላ ትሄዳለህ። አስቀድሞ ያባረረህን ነገር አብረን እንየው። እስከ ጥር ፈተና በየማታው ጥያቄህን ይዘህ ትመጣለህ። ከዚያ በኋላ የወደድኸውን ትመርጣለህ።» ልጁም ሳይወድ እሺ አለ።

በመጀመሪያው ማታ ከወረቀቱ ላይ አንዲቱን ጥያቄ አወጡ። ሦስት ጊዜ የተወሰደ ያልታወቀ ቍጥር 7 ቢጨመርበት 25 ይሆናል፤ ቍጥሩ ስንት ነው? የምትል ነበረች። በወረቀቱ ላይ ግን ቃል የለም፤ ኤክስ የሚባለው የፈረንጅ ፊደል ከቍጥሮች መካከል ቆሞአል።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታው።

«ኤክስ ነው።»

«ኤክስስ ምንድን ነው?»

«እንጃ የኔታ፤ ኤክስ ነው።»

የልጁ ፍርሀት መነሻው በዚህ ታወቀ። ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለሚሰጥ፥ ፊደሉም የእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ልጁ ኤክስን ትርጓሜው ያመለጠው የባዕድ ቃል አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ኤክስ ግን ቃል አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዴካርት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1637 ዓመት ባሳተመው የጂኦሜትሪ መጽሐፉ፥ ለታወቁት ቍጥሮች ከፊደል ተራ የፊተኞቹን፥ ላልታወቁት የኋለኞቹን መርጦ ስለ ጻፈ ልማዱ ጸንቶ ቀረ እንጂ፥ በፊደሉ ውስጥ የተሰወረ ምሥጢር የለም። መሪጌታው ኤክስን ሰርዘው በቦታው «ስ» ብለው ጻፉ፤ ስውር ለማለት ነው። ጥያቄውም 3ስ + 7 = 25 ሆነ።

ከዚያም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው ሌላ ነገር ጠየቁት። «የዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው?»

«14።»

«መጥቅዕስ?»

«16።»

«አበቅቴውን ብቻ ነግሬህ መጥቅዑን ብጠይቅህ በምን ታገኘዋለህ?»

«አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ 30 ናቸው። ስለዚህ 14ቱን ከ30 አነሣለሁ።»

መሪጌታው በወረቀቱ ላይ 14 + ስ = 30 ብለው ጽፈው አሳዩት። ልጁም ዝም ብሎ ተመለከተው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው የሚነገርለትን ባሕረ ሐሳብ በልጅነቱ በቃሉ አጥንቶአል፤ በዚያም ውስጥ ያልታወቀውን ከታወቀው ሲያወጣ ኖሮአል፤ ሥራው ግን አልጀብራ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። መሪጌታው ራሳቸውም እስከዚያ ማታ ድረስ እንዲህ አድርገው አስበውት አያውቁም ነበር።

አሁን የልጁን ስሕተት ተመለከቱ። ልጁ 7ቱን ከ25 ጋር ደምሮ 3ስ = 32 ብሎ ጽፎአል፤ ቀጥሎም 3ቱን ከ32 ቀንሶ ስ = 29 ብሎአል። ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ «ቍጥር ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል ተብለናል፤ እኔ የመጀመሪያውን ሳልለውጥ ቀረሁ» አለ። ሕጉን ያውቀዋል፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን አያውቅም። በእርግጥ ማንም ቍጥር ወደ ማዶ አይሻገርም። የሚሆነው ነገር ሌላ ነው።

መሪጌታው በገበያ የሚታየውን ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ምሳሌ አደረጉለት። በአንዱ ሳሕን ላይ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሦስት የታሰሩ ከረጢቶችና 7 የብረት መመዘኛዎች አሉ፤ በሌላው ላይ 25 መመዘኛዎች አሉ፤ ሚዛኑም ተካክሎ ቆሞአል። ከረጢቶቹን ለብቻቸው ለማየት 7ቱን መመዘኛዎች ማንሣት ያስፈልጋል። ከአንዱ ወገን ብቻ ቢነሡ ግን ሚዛኑ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ከሌላውም ወገን 7 ይነሣል። በወዲያኛው 18 ይቀራል። ሦስቱ ከረጢቶች 18 ከመዘኑ፥ አንዱ የ18 ሢሶ ነው፤ ይህም 6 ነው። ሦስት ጊዜ የተወሰደውን ወደ አንድ የሚመልሰው ለሦስት ማካፈል ነው እንጂ 3 መቀነስ አይደለም።

«አሁን 6ን ወደ ቦታው መልሰው» አሉት። ልጁ 3 ጊዜ 6 18፥ 7 ሲጨመር 25 ብሎ አገኘ። «29ንም መልሰው።» 3 ጊዜ 29 87፥ 7 ሲጨመር 94 ሆነ። ልጁ ሣቀ፤ ወረቀቱን ካመጣ ወዲህ ሲሥቅ የመጀመሪያው ነበር። መሪጌታውም እንዲህ አሉ፦ «ቅኔ የቈጠረ ተማሪ ቤት መምታቱን ሳያይ ወደ መምህሩ አይመጣም። አንተም ያገኘኸውን ወደ ጥያቄው ሳትመልስ አትነሣ። ስሕተትህን የሚነግርህ ቀይ እስክሪፕቶ ብቻ ከሆነ፥ ዕድሜህን በሙሉ ሌላ ሰው እንደ ጠበቅህ ትኖራለህ።»

በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚቆመው የእኩልነት ምልክትም ይህን ሚዛን የሚያሳይ ነው። ሁለቱን አግድም መስመሮች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1557 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ መጀመሪያ የተጠቀመባቸው የዌልሱ ተወላጅ ሮበርት ሪኮርድ ነው። ምክንያቱንም ሲሰጥ፥ ጐን ለጐን ከሚሄዱ ሁለት እኩል መስመሮች ይልቅ እኩል የሆነ ነገር አይገኝም ብሎአል። ብዙ ተማሪዎች ግን ይህን ምልክት «መልሱ ቀጥሎ ነው» የሚል ትእዛዝ አድርገው ያዩታል፤ ከዚህም የተነሣ የቀኙን ወገን ሳይነኩ በግራው እንዳሻቸው ይሠራሉ።

በሁለተኛው ሳምንት በቃል የተጻፉ ጥያቄዎች መጡ፤ ተማሪዎች አብዝተው የሚፈሩዋቸውም እነዚህ ናቸው። አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ የአባት ዕድሜ የልጁ 4 እጥፍ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን 2 እጥፍ ይሆናል፤ ዛሬ የእያንዳንዳቸው ዕድሜ ስንት ነው? ልጁ የልጅየውን ዕድሜ ስ፥ የአባቱን 4ስ አለ። ቀጥሎም 4ስ + 20 = 2ስ ብሎ ጽፎ፥ ሠርቶ ሠርቶ ስ ከዜሮ በታች 10 ነው ብሎ አመጣ። ስሌቱ ከጻፈው እኩልታ በኋላ አንድ ስሕተት እንኳ አልነበረበትም።

መሪጌታው «ይህ ልጅ ገና ሊወለድ 10 ዓመት ቀርቶታል፤ አባቱም ሊወለድ 40 ዓመት ይቀረዋል፤ በምን ቀን ተገናኙ?» አሉት። ልጁ ወረቀቱን እንደ ገና አነበበ፥ ቆየት ብሎም «20 ዓመት ለአባቱ ሰጠሁት፥ ልጁን ረሳሁት» አለ። ዘመን ለአባት ብቻ አያልፍም፤ ልጁም 20 ዓመት ይጨምራል። ስለዚህ እኩልታው 4ስ + 20 = 2(ስ + 20) ነው። ቅንፉ ሲፈታ በቀኝ በኩል 2ስ + 40 ይሆናል። እዚህም ሌላ ወጥመድ አለ፤ ብዙዎች 2ቱን ከስ ጋር ብቻ አባዝተው 20ውን እንዳለ ይተዉታል። ከሁለቱም ወገን 2ስ፥ ከሁለቱም ወገን 20 ሲነሣ 2ስ = 20 ይቀራል፤ ስ 10 ነው። ልጁ 10፥ አባቱ 40 ዓመት ናቸው፤ ከ20 ዓመት በኋላ 30 እና 60 ይሆናሉ፤ 60 የ30 እጥፍ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፥ የቃል ጥያቄ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በስሌቱ አይደለም፤ ታሪኩን ወደ እኩልታ በመለወጡ ላይ ነው። ተማሪው አሳቡን ሳይጨርስ ወደ ስሌት ይቸኵላል፤ እጁ መጻፍ ሲጀምር ዐይኑ ማንበብ ይተዋል።

ልጁ እየበረታ ሲሄድ መሪጌታውም በራሳቸው እየታመኑ ሄዱ፤ ፈተናም የመጣባቸው በዚህ ነው። በታኅሣሥ ወር አንድ ማታ ልጁ ከሰሌዳ የገለበጠውን (ስ + 5)² = ስ² + 10ስ + 25 የሚል መስመር አዩ። ወዲያው ፊታቸውን ቋጥረው «ይህ 10ስ ከየት መጣ? ስ በራሱ ሲባዛ ስ² ነው፥ 5ም በራሱ ሲባዛ 25 ነው፤ ሌላው ትርፍ ነው፥ ሰርዘው» አሉ። ደቀ መዛሙርቱ በዙሪያው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ ሰረዘው።

በማግሥቱ ግን ከጉባኤው ጫፍ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ተገኘ። ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔታ፥ በስ ቦታ 1ን ባስቀምጥ ቤት አልመታልኝም» አለ። መሪጌታው ወረቀቱን ተቀበሉት። 1 እና 5 ተደምረው 6 ናቸው፤ 6 ጊዜ 6 36 ነው። በእርሳቸው ቃል ግን 1 እና 25 ተደምረው 26 ብቻ ይሆናሉ። ልጁ የሰረዘው 10 ሲመለስ 36 ይሞላል።

በጉባኤው ዝምታ ሆነ። የተማሪ ቅኔ ሲበላሽ የሚያቃናው መምህሩ ነው፤ መምህሩ ሲሳሳት ግን ማን ያቃናዋል? ያችን ቃል ለማለት ልጁ ሌሊቱን ሳይተኛ ማደሩ ከዐይኑ ይታወቅ ነበር። መሪጌታውም ጥቂት ቆይተው ሁሉ እየሰማ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ ልክ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ዛሬ ማታ ምክንያቱን እንጠይቃለን» ብለው ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ከብዙ የሒሳብ ሕግ ይልቅ ይህች ቃል ልጁን እንዳስተማረችው ኋላ ታወቀ።

በጎረቤታቸው አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ማታ ወደ እርሱ ሄዱ። ወጣቱ መሪጌታው ለጥያቄ በመምጣታቸው አፈረና ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው፤ ከዚያም ስለ አልጀብራ ስም መነሻ ነገራቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ820 ዓመት ገደማ በባግዳድ ከተማ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል ኸዋሪዝሚ የሚባል ሊቅ ስለ አል ጀብርና ስለ አል ሙቃበላ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ሙቃበላ ማለት ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አቁሞ እኩሉን ከእኩሉ ማንሣት ነው። ጀብር ማለት ደግሞ የጎደለውን ሞልቶ ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ በዐረብ ቋንቋ ይኸው ቃል የተሰበረ አጥንት ለሚጠግን ሰው ሥራ ይነገራል። በእስጳንያም አገር ቃሉ ከዐረብ ተወስዶ፥ በጥንት ዘመን አልጀብሪስታ ማለት ወጌሻ ማለት ነበር። መሪጌታው በዚህ እጅግ ተደነቁ። ወጌሻ ስብራቱን ሳይዳስስ አያስርም፤ አጥንቱንም ከቦታው ወስዶ ወደ ሌላ አያኖረውም፥ ወደ ገዛ ቦታው ይመልሰዋል እንጂ።

የዚያ ሊቅ መጽሐፍ ዛሬ ተማሪውን የሚያስፈራው ምልክት ሁሉ የለበትም፤ ሁሉም በቃል የተጻፈ ነው። ያልታወቀውንም «ነገር» ወይም «ሥር» ይለዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዛሬ ጽሕፈት ሲጻፍ ስ² + 10ስ = 39 የሚል ነው። ወጣቱ መምህር ዘንግ አንሥቶ በግቢው አፈር ላይ እንዲህ አድርጎ ሥዕሉን ሣለው።

በመጀመሪያ አራቱም ጐኑ እኩል የሆነ አንድ መሬት ይሣላል፤ የጐኑ ርዝመት ስ ነው፥ ስፋቱም ስ² ነው። 10ስ በሁለት ይከፈላል፤ ርዝመታቸው ስ፥ ወርዳቸው 5 የሆነ ሁለት ጠባብ መሬቶች ይሆናሉ። አንዱ ከዋናው መሬት በስተ ቀኝ፥ ሁለተኛው ከታች ይለጠፋል። የሦስቱ ስፋት በጥያቄው መሠረት 39 ነው። አሁን ሥዕሉ ትልቅ ካሬ ሊሆን ተቃርቦአል፤ ነገር ግን ከታች በቀኝ በኩል አንድ ማዕዘን ጎድሎታል። የጎደለው ማዕዘን በአንድ ወገን 5፥ በሌላውም 5 ነው፤ ስፋቱ 25 ነው። እርሱ ሲሞላ 39 እና 25 ተደምረው 64 ይሆናሉ። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጐኑ 8 ነው። ይህ ጐን ስና 5 ተደምረው የሠሩት ነውና፥ 5 ሲነሣለት ስ 3 ይሆናል። 3 ጊዜ 3 9፥ 10 ጊዜ 3 30፤ በድምሩ 39።

መሪጌታው በሥዕሉ ላይ ጐንበስ ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ትልቁ ካሬ ማለት ስና 5 ተደምረው በራሳቸው ሲባዙ ነው። እርሳቸው ትናንት የቈጠሩት ዋናውን መሬትና የማዕዘኑን 25 ብቻ ነበር፤ «ትርፍ ነው» ብለው ያሰረዙት 10ስ በስተ ቀኝና በስተ ታች የተኙት ሁለቱ ጠባብ መሬቶች ናቸው። «ለካ ትልቁንና ትንሹን አይቼ በመካከል ያሉትን ዘለልኋቸው» አሉ።

ወጣቱ መምህር አንድ ነገር ጨመረ። በጥንቱ ሊቅ መጽሐፍ የዚህ ጥያቄ መልስ 3 ብቻ ነው፤ ከዜሮ በታች የሆነ የመሬት ጐን የለምና። ዛሬ በክፍል ውስጥ ግን ሁለት መልስ ይጠየቃል፤ በራሱ ሲባዛ 64 የሚሆነው 8 ብቻ አይደለም፥ ከዜሮ በታች 8ም እንዲሁ ነው። ከእርሱ ላይ 5 ሲነሣ ከዜሮ በታች 13 ይሆናል። ወደ ጥያቄው ቢመለስ ከ169 ላይ 130 ሲቀነስ 39 ይወጣል። ስለዚህ ተማሪው ሁለቱንም ይጽፋል፤ ጥያቄው ስለ መሬት ወይም ስለ ዕድሜ ከሆነ ግን ታሪኩ የማይቀበለውን ይተወዋል።

የጥር ፈተና በነጋታው ሊሆን፥ በመጨረሻው ማታ መሪጌታው የመረጡት ጥያቄ ከክፍል መጽሐፍ አልነበረም፤ ከዚያው ጎረቤት የሰሙት ነው። በእስክንድርያ ዲዮፋንጦስ የሚባል የቍጥር ሊቅ ነበር፤ በጥንት የግሪክ እንቆቅልሾች መካከል ስለ ዕድሜው የሚነገር አንድ ጥያቄ አለ። ከዕድሜው አንድ ስድስተኛውን በልጅነት አሳለፈ፤ አንድ ዐሥራ ሁለተኛው ሲያልፍ ጢም አበቀለ፤ ከዚያም አንድ ሰባተኛው ሲያልፍ አገባ፤ በ5ኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደ፤ ልጁ የአባቱን ዕድሜ እኩሌታ ኖሮ ሞተ፤ አባትየውም ከልጁ በኋላ 4 ዓመት ኖሮ ዐረፈ። ዕድሜው ስንት ነው?

ልጁ በኩራዝ ብርሃን ሠራ፤ መብራት በዚያ ማታ ጠፍቶ ነበርና። ሙሉ ዕድሜውን ስ አለው፤ ክፍሎቹንም ደምሮ ከስ ጋር አስተካከላቸው። ክፍልፋዮቹን ለማጥፋት ለ6፥ ለ12፥ ለ7 እና ለ2 ሁሉ የሚከፈል ቍጥር ፈልጎ 84 አገኘ፤ በእርሱም ሁለቱንም ወገን ሳይዘልል አባዛ። 84ስ = 75ስ + 756 ሆነ። ከሁለቱም ወገን 75ስ ሲነሣ 9ስ = 756 ቀረ፤ ስ 84 ነው። ማንም ሳያዝዘው ወደ ታሪኩ መለሰው፤ በ14 ዓመቱ ልጅነቱ አለፈ፥ በ21 ጢም አበቀለ፥ በ33 አገባ፥ በ38 ልጅ ወለደ፥ ልጁ በ42 ዓመቱ ሲሞት አባቱ 80 ዓመቱ ነበረ፥ በ84ም ዐረፈ።

ልጁ እርሳሱን አኑሮ «የኔታ፥ ልጁ ምን ሆኖ ሞተ?» አለ። መሪጌታውም «ቍጥሩ ዕድሜውን ነገረን እንጂ ኀዘኑን አልነገረንም» አሉ። ልጁ የገዛ አባቱ ስንት ዓመት እንደ ኖረ ጠየቀ፤ ነገሩትም። ከዚያ በኋላ በዚያ ማታ ስለ ሒሳብ አልተነጋገሩም።

የጥሩ ፈተና ውጤት ሲሰጥ ልጁ ከ20 ያገኘው 14 ነበር። ወደ ቤት ሲገባ ግን በመጀመሪያ የተናገረው ያገኘውን ቍጥር አይደለም። «ከዜሮ በታች ያለውን ሁለተኛውን መልስ ረስቼ 2 ነጥብ አጣሁ፤ በአንዱም ቅንፉን ስፈታ ቸኰልሁ፤ ሌላውን ገና አላወቅሁትም» አለ። በኅዳር ወረቀቱን አጥፎ ያመጣው ልጅ፥ በጥር ስሕተቱን በየስሙ እየጠራ ገባ። ለውጡ በ4 እና በ14 መካከል ካለው 10 ነጥብ ይልቅ በዚህ ይታወቃል።

መሪጌታውም ቃላቸውን ጠብቀው «አሁን ምረጥ፤ ቅኔ ቤቱ ክፍት ነው፥ ሸሽተህ የምትመጣም አይደለህም» አሉት። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም «የኔታ፥ ትምህርቴን ልጨርስ። ቅኔውን ቅዳሜና እሑድ ቢፈቅዱልኝ እማራለሁ» አለ። መሪጌታው የተመኙት መልስ ይህ አልነበረም። ቅኔ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚያዝ ነገር እንዳልሆነ ከእርሳቸው ይልቅ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለው፥ በዚያው ቀን ወደ ገጠር ለሚሄድ ሰው ለእኅታቸው መልእክት ሰጡ፤ መልእክቱም «አደራሽ በቦታው ነው» የሚል ነበር።

ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆችና የሚያስተምሩ መምህራን ከዚህ ነገር የሚይዙት አላቸው። አንድ ልጅ «ሒሳብ አልተፈጠረልኝም» ባለ ጊዜ ቃሉን ወዲያው መቀበል አይገባም፤ የትኛውን እርምጃ እንደ ሳተ መዳሰስ ይገባል እንጂ። የጎደለው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ የፊደሉ ትርጓሜ፥ ወይም የሚዛኑ ምክንያት፥ ወይም መልሱን ወደ ጥያቄው የመመለስ ልማድ። ዳሳሹም አስቀድሞ የራሱን እጅ ይመርምር፤ ከሚዛኑ በአንዱ ወገን የገዛ ምኞቱን አኑሮ እንደ ሆነ፥ እርሱን ሳያነሣ ስለ ልጁ የሚያገኘው መልስ ልክ አይሆንም። መሪጌታው ያን በኅዳር ሌሊት አነሡት፤ ክብደቱን ግን በጥር፥ ልጁ መጻሕፍቱን ይዞ ማለዳ ከደጅ ሲወጣ አወቁት።